ከሰገነቱ ላይ የታየው ብርሃን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ለዚህ ዕትም ልንጽፍ ያሰብነው ሌላ ነገር ነበር። ነገር ግን ባለፈው ሰሞን አንዲት ተሳላሚ እናት ከቅዳሴ በኋላ ስልካቸውን ይዘው ቀረቡንና ያሳዩን ምስል አሳባችንን አስለወጠን። ምስሉን የቀረጹት በዴር ሱልጣን ሰገነት ላይ ሆነው፣ ፀሐይ ከጠለቀች ጥቂት ቆይቶ ነው። በምዕራብ በኩል አንድ የብርሃን ነጥብ ይወጣል፤ እርሱን ተከትሎ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፤ ሁሉም በአንድ መሥመር ተሰልፈው፣ ድምፅ ሳያሰሙ፣ ሽቅብ ይጓዛሉ። እናታችን እስከ ሠላሳ ድረስ ከቆጠሩ በኋላ እንባ ስለ ያዛቸው መቁጠሩን ትተዋል። ጥያቄያቸው አንድ ነበር፤ «አባቶቼ፣ ይህ ምልክት ነው ወይ?»

ለምን እንደ ጠየቁ ኋላ እንመለስበታለን።

እንዲህ ያለው ጥያቄ ለገዳማችን እንግዳ አይደለም። ሰው ኢየሩሳሌም ሲደርስ ዓይኑ ወደ ላይ ይቀናል። በአገሩ ሳለ ልብ ያላለውን ኮከብ እዚህ ሲያየው ትርጉም ይሻለታል። ለንጋት በምሥራቅ፣ በሌላም ወራት ለምሽት በምዕራብ ደምቃ የምትታየው የአጥቢያ ኮከብ፣ ፈረንጆች ቬነስ የሚሏት፣ ስንቱን ተሳላሚ አስደንግጣለች! ወደ አድማስ ስትቀርብ ቀለሟ ይለዋወጣል፤ ትኩር ብለው ሲያዩዋትም የምትንቀሳቀስ ትመስላለች። ዓለማውያኑ ደግሞ ምንነቱ ያልታወቀውን በራሪ ሁሉ «ዩፎ» ብለው ከሌላ ዓለም የመጣ መንኮራኩር ያደርጉታል። የእኛው ምእመን መልአክ ይለዋል፤ እነርሱ መንኮራኩር ይሉታል፤ ሁለቱም ሳይመረምሩ ስም በማውጣት ይመሳሰላሉ።

በዚህች ከተማ ስም በዓለም ሁሉ የተናኘው የ«ዩፎ» ወሬ የጥር 20 ቀን 2003 ዓ.ም. ሌሊት ወሬ ነው። ክብ ብርሃን በወርቃማው ጉልላት አናት ላይ ቀስ ብሎ ሲወርድ፣ ጥቂት ቆሞ ሲያበራና በድንገት ወደ ሰማይ ሲወረወር የሚያሳይ ምስል ወጣ። ከከተማይቱ በስተደቡብ ካለው ከአርሞን ሐነጺቭ የመመልከቻ ስፍራ ተቀረጸ ተባለ። በቀናት ውስጥም ያንኑ ነገር ከሌላ አቅጣጫ አሳየን የሚሉ ሌሎች ምስሎች ተጨመሩ። ማግስቱ አስተርእዮ ማርያም ነበርና፣ የበዓሉን ስም ከምስሉ ጋር ያገናኘ ምእመን ቢኖር አንደነቅም። ይሁን እንጂ ምስሎቹን የመረመሩ ባለሙያዎች በአንዱ ጠርዝ ላይ የኮምፒዩተር ቅንብር ምልክት አገኙ፤ ሌላውም በቆመ ፎቶግራፍ ላይ ብርሃን ተጨምሮበት የተሠራ ሆኖ ተገኘ። ለእኛ ግን ከባለሙያዎቹ ቃል ይልቅ የሚከብደው ሌላ ነው። ያ ጉልላት ከገዳማችን በግማሽ ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ስፍራው ቀንም ሌሊትም ጠባቂ አይለየውም፤ በዙሪያውም ለጸሎት የሚነሣ ሕዝብ የሦስቱም ሃይማኖት አለ። ሌሊቱን ቀን የሚያስመስል ብርሃን ወርዶ ቢሆን ምስክሩ ሁለት ሦስት ስልክ ብቻ ባልሆነ ነበር።

ሁሉም ግን ሐሰት አይደለም፤ ይህንንም ልንሰውረው አይገባም። በግንቦት 30 ቀን 2004 ዓ.ም. ምሽት የታየውን ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። በሰማዩ ላይ ብርሃን ወጣ፤ ወዲያውም እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት እየተጠማዘዘ ሰፋ፤ ከዚያም እንደ ደመና ሆኖ ጠፋ። በእኛ ከተማ ብቻ ሳይሆን በሊባኖስ፣ በሶርያ፣ በቆጵሮስና በቱርክም ታይቷል። ያዩት ሁሉ እውነት ተናግረዋል፤ ዓይናቸው አላታለላቸውም። ነገሩ ሩሲያ በዚያ ምሽት ካፑስቲን ያር ከሚባለው ስፍራ ለሙከራ ያስወነጨፈችው ቶፖል የተባለ ሚሳይል ነበር። ስፍራው ከእኛ ወደ 2000 ኪሎ ሜትር ይርቃል። እንዴት ሊታየን ቻለ ቢባል፣ በእኛ ዘንድ ፀሐይ ጠልቃለች፤ በመቶዎች ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ላለው ግን ገና አልጠለቀችም። ከሚሳይሉ የወጣው ጢስ አየር በሌለበት ተበትኖ የፀሐይን ብርሃን ሲቀበል፣ ከታች በጨለማ ለቆመው ሰው ሰማዩ የተከፈተ ይመስለዋል። ዓይን እውነት አየ፤ ትርጉሙ ግን የጦር መሣሪያ ሆኖ ተገኘ።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከመደነቅ አልፎ የሕይወት ጉዳይ ሆኗል። በ2016 ዓ.ም. የደብረ ዘይት ሰንበት በታሰበ በሳምንቱ፣ ሚያዝያ 5 ለ6 አጥቢያ፣ ከኢራን ከ300 የሚበልጡ ድሮኖችና ሚሳይሎች ተላኩ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ በኢየሩሳሌም የማስጠንቀቂያው ድምፅ ጮኸ፤ ከጥንታዊቷ ከተማ በላይም ብርሃናት ሲሮጡ፣ ሲጋጩ፣ ሲፈነዱ ታዩ። ጌታችን በዚያ በፊታችን በሚታየው ተራራ ላይ ስለ ዘመን ፍጻሜ ያስተማረውን ትምህርት ከሰማን ገና ሳምንት አልሞላም ነበርና፣ የብዙዎች ልብ ወዴት እንደ ሄደ መናገር አያሻም። ይህን ዓምድ ከምንጽፈው መካከል አንዱ ወደ መጠለያ መውረድ ሲገባው ስልኩን ይዞ ወደ ሰገነቱ ወጥቶ ነበር። ማን እንደሆነ አንጽፍም፤ ራሱን ያውቃል፤ አበ ምኔቱም ያውቁታል። በዚያች ሌሊት በነጌብ በረሃ አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ከሰማይ በወደቀ ፍንጣሪ ክፉኛ ቆሰለች። ከላይ የሚያበራው ሁሉ ወደ ታች የሚወድቅ ብረት አለው።

ይህች ከተማ በምልክት አተረጓጎም ከዚህ የከፋ ዋጋ ከፍላለች። ዮሴፍ የተባለው አይሁዳዊ የታሪክ ጸሐፊ ስለ ኢየሩሳሌም ጥፋት በጻፈው መጽሐፍ፣ ከጦርነቱ አስቀድሞ ሰይፍ የሚመስል ኮከብ በከተማይቱ ላይ እንደ ቆመ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅም ሠረገሎችና የታጠቁ ሠራዊት በደመና መካከል ሲሮጡ እንደ ታዩ ይተርካል። ዛሬ ስለ «ዩፎ» የሚጽፉ ሰዎች ይህን ታሪክ በደስታ ይጠቅሱታል። ከዚያው ገጽ አጠገብ ያለውን ግን ያልፉታል። በ70 ዓ.ም. ሮማውያን ቤተ መቅደሱን ሲያቃጥሉ፣ አንድ ሐሰተኛ ነቢይ «ወደ ቤተ መቅደሱ ውጡ፤ የመዳናችሁን ምልክት በዚያ ታያላችሁ» የሚል ቃል ለሕዝቡ አወጀ። ሴቶችና ሕፃናት ያሉበት 6000 ያህል ሰው አምኖት በአደባባዩ መጠለያ ተሰበሰበ። እሳቱ በዚያ አገኛቸው፤ አንድም አልተረፈም ይላል ጸሐፊው። እነዚያን ሰዎች የገደላቸው ሰይፍ መሳዩ ኮከብ አልነበረም። ምልክት የተጠሙትን ልባቸውን አይቶ የተናገረላቸው ሰው ነበር። አንድ መነኩሴ ለተሳላሚ «አዎን፣ ምልክት ነው» ከማለቱ በፊት የሚፈራውም ይህንን ነው።

እንግዲህ አባቶች ምልክት የሚባል የለም ይላሉን? አይሉም። በዚህ ነገር ምሳሌ የምናደርገው በግብፅ ዘይቱን የሆነውን ነው፤ በዴር ሱልጣን ጉዳይ ከግብፃውያን ወንድሞቻችን ጋር ያለን ክርክር ለሌላ ቀን ይቆየን። በመጋቢት 24 ቀን 1960 ዓ.ም. ምሽት በካይሮ በእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ጉልላት ላይ ብርሃን የለበሰች ሴት ታየች። መጀመሪያ ያዩዋት በመንገዱ ማዶ ባለው የአውቶቡስ ጋራዥ የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ። «ድንግል ማርያም ናት» ብለው አልጮኹም፤ ራሷን ልትወረውር የወጣች ሴት መስላቸው እንዳትወድቅ ጮኹ፤ እርዳታም ጠሩ። ይህ እጅግ ደስ ያሰኘናል። ብርሃኑ በሌሎች ሌሊቶች ተመላልሶ ታየ፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድነት ቆሞ ተመለከተ። ለአገራችን የመጀመሪያውን ፓትርያርክ የሾሙት አቡነ ቄርሎስ ስድስተኛ ግን በማግስቱ አዋጅ አላወጡም። መርማሪዎች ላኩ፤ መርማሪዎቹም ምስክሮችን ጠየቁ፤ ራሳቸውም ቆመው አዩ። የመንበሩ ማረጋገጫ የወጣው ሚያዝያ 26 ቀን፣ ከ32 ቀን በኋላ ነው። ለነገሩ ሌላ ምክንያት የሚሰጡ ጸሐፍት ዛሬም አሉ፤ እኛ ግን በቤተ ክርስቲያኒቱ ቃል እንጸናለን። የምንጸናውም ቃሉ ከምርመራ በኋላ ስለ መጣ ጭምር ነው።

ስለዚህ ከሰገነቱ ላይ ብርሃን ያያችሁ ተሳላሚዎች፣ የማስጠንቀቂያው ድምፅ ከተሰማ ሁሉን ትታችሁ ውረዱ። ድምፅ ከሌለ ደግሞ ሰዓቱን፣ አቅጣጫውን፣ ምን ያህል እንደ ቆየ፣ ደመና ይኑር አይኑር ጽፋችሁ ያዙ፤ አጠገባችሁ የነበረ ሰውም ለብቻው ይጻፍ። ተነጋግራችሁ ከጻፋችሁት ሁለት ምስክር መሆናችሁ ቀርቶ አንድ ትሆናላችሁ። ከዚያ ወደ አባቶች አምጡት። ወደ አገር ቤት መላኩ ይቆይ፤ ከዚህ የተላከ ምስል አዲስ አበባ ሲደርስ ሌላ ታሪክ ለብሶ ነውና።

አሁን ወደ እናታችን እንመለስ። ጥያቄያቸውን የሰሙት አረጋዊ አባት ወዲያው አልመለሱላቸውም፤ ሰዓቱንና አቅጣጫውን ጠየቁ፤ ምስሉን ሁለት ጊዜ አዩት። ከዚያም ለምን እንዳለቀሱ ጠየቁ። የእናታችን ልጅ ከሦስት ዓመት በፊት በሱዳን አድርጎ ሊቢያ ገብቷል። ከዚያ አንድ ጊዜ ደውሏል። ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይጠራም። ብርሃናቱን ሲያዩ በልባቸው «ልጄ በሕይወት አለ ማለት ነው» ብለዋል።

አባታችን እውነቱን ነገሯቸው፤ በለሰለሰ ቃል፣ ነገር ግን ሳያጎድሉ። ብርሃናቱ ስታርሊንክ የሚባሉ ሳተላይቶች ናቸው። የአሜሪካው ስፔስኤክስ ኩባንያ በግንቦት 2011 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን 60 ከላከ ወዲህ ብዙ ጊዜ ይላካሉ፤ እንደ ተላኩ ሰሞን ሳይበታተኑ በአንድ መሥመር ይጓዛሉ፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላም ብርሃኗን ከላይ ተቀብለው ይታያሉ። እናታችን ዝም ብለው ሰሙ። ከዚያ፣ «ለምን ሥራ ነው የሚልኳቸው?» አሉ።

«ለኢንተርኔት ነው፣ እናቴ። መሥመር ባልደረሰበት በረሃ ያለ ሰው እንኳ እንዲገናኝበት።»

«ታዲያ አባቴ፣» አሉ እናታችን፣ «ለመገናኛ ከሆነ የልጄ ስልክ ለምን አይጠራም?»

አባታችን ለዚህ መልስ አልነበራቸውም፤ እኛም የለንም። የልጁን የክርስትና ስም ጠየቋቸው፤ ለካህናቱ በሚሰጠው የጸሎት ወረቀት ላይም ጻፉት። ምስሉን ያጥፉት ያላቸው የለም፤ እስካሁን በስልካቸው ውስጥ አለ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።