እባካችሁ ሥዕሉን አትጨርሱት

ታናሽ እህቴ የደብተሯ ጠርዝ ላይ ሰው ሳትሥል አንድ ክፍለ ጊዜ አትጨርስም። ስለዚህ ባለፈው ክረምት እኔና ጓደኞቼ የምንጫወተውን «ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» ልሞክረው ስትለኝ፣ መጀመሪያ ያልኳት ገጸ ባሕርይሽን ሣዪልኝ ነው። መነሻ ይሁናት ብዬ የ2014ቱን የተጫዋቾች መጽሐፍ ታብሌት ላይ ከፈትኩላት (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ዝም ብላ ገጾቹን ስትገልጥ ቆየች። የሚያበሩ ሰይፎች፣ ነፋስ የሚያውለበልባቸው ካባዎች፣ በየጥሩሩ ላይ የሚንጸባረቅ ብርሃን። ከዚያ እርሳሷን አስቀመጠችና «ምን ልሥል? ተሥሎ አልቋል እኮ» አለችኝ።

ይኼን የምጽፈው በዚያች «አልቋል» ተናድጄ ነው።

ጨዋታውን ለማታውቁት፦ ጥቂት ሰዎች ጠረጴዛ ይከባሉ። አንዱ አጫዋች ይሆንና «ከፊታችሁ የድንጋይ በር አለ፣ ከሥሩ ውኃ ይወጣል፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። ሌሎቹ ይመልሳሉ፤ ይሳካ አይሳካ ሲያጠራጥር ዳይስ ይወረወራል። በቃ፣ የቀረው ወሬና ምናብ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ውስጥ ያለ ሥዕል ለእኔ ጌጥ አይደለም፣ ደንብ ነው። አንድ መስመር ሕግ ሳናነብ፣ እዚህ ጨዋታ ውስጥ ሰው ምን እንደሚሠራ የሚነግረን እሱ ነው። ዛሬ የትልልቆቹን አሳታሚዎች መጽሐፍ የሞላው አብረቅራቂ ዲጂታል ሥዕል ደግሞ የተሳሳተ ደንብ እያስተማረ ነው።

ሁለት ሽፋን ላስተያይላችሁ።

የ1978ቱን የተጫዋቾች መጽሐፍ ሽፋን የሣለው ዴቪድ ትራምፒየር ነው። አንድ ግዙፍ ጣዖት ተቀምጧል። ሁለት ሌቦች ፊቱ ላይ ወጥተው የዓይኑን ዕንቁ ሊፈለቅቁ ይታገላሉ። ከታች ውጊያው አልቋል፤ አንዱ ሰይፉን ይጠርጋል፣ ሌሎች የእንሽላሊት መሳይ ፍጡራንን ሬሳ ይጎትታሉ፣ ሌሎች ደግሞ ቆመው ይመካከራሉ። ወደ እኛ ዞሮ ፎቶ የሚነሳ የሚመስል አንድም ሰው የለም። ሁሉም ሥራ ላይ ናቸው። ይኼን ያየ ልጅ ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል፦ ጨዋታው የቡድን ነው፣ ዘረፋ አለበት፣ ምክክር አለበት፣ ሞት አለበት። ከሁሉም በላይ፣ ዕንቁው ሲነቀል የሚሆነው ገና አልሆነም። እሱን የምትጨርሱት እናንተ ናችሁ።

የ2014ቱ ሽፋን የታይለር ጃኮብሰን ነው። ግዙፍ የእሳት ንጉሥ ፊት ለፊት ይመጣል፣ አንዲት ጀግና አየር ላይ ሆና አስማቷን ልትለቅበት ነው፣ ብርቱካናማ ብርሃን ሁሉን አጥለቅልቆታል። ቆንጆ ነው፤ እጁ የተባረከ ሠዓሊ ነው፣ አልክድም። ግን ምንም አይጠይቀኝም። ዝላዩ ተዘሏል፣ ጀግናዋ ተመርጣለች፣ ለእኔ የተረፈኝ ማጨብጨብ ነው። የፊልም ፖስተር ቢሆን ቅር አይለኝም ነበር።

(ትራምፒየር በ1980ዎቹ መጨረሻ ሙያውን ድንገት ትቶ ተሰወረ። ከዓመታት በኋላ ሰዎች ሲያገኙት ኢሊኖይ ውስጥ ካርቦንዴል በምትባል ከተማ ታክሲ ይነዳ ነበር። የሞተው በ2014 ነው፣ አዲሱ መጽሐፍ በወጣበት ዓመት። ከዚህ ትርጉም አላወጣም፤ ግን ባሰብኩት ቁጥር ሆዴን ያባባዋል።)

ሥዕል ደንብ ነው ስል ማጋነን የመሰለው ካለ በዚያው በ1978 የታተመውን «ቶምብ ኦቭ ሆረርስ» ይመልከት። ጨዋታው ለተጫዋቾች ብቻ የሚታይ የሥዕል ደብተር ነበረው። አጫዋቹ እዚያ ክፍል ስትደርሱ ገጹን አዙሮ ያሳያችኋል። ከሥዕሎቹ አንዱ ግድግዳ ላይ የተቀረጸ የሰይጣን ፊት ነው፣ አፉ ተከፍቷል፣ ውስጡ ድቅድቅ ጥቁር ነው። እንግዲህ ወሰኑ፦ ትገባላችሁ? እጃችሁን ትሰዳላችሁ? የገባ ሁሉ ይጠፋል፤ ጥቁሩ ነገር የነካውን ሁሉ የሚያጠፋ ሉል ነው። አስቡት፣ ሠዓሊው ያንን አፍ በሚያምር ቀይ ብርሃንና በሚንቦገቦግ ጭስ ቢሞላው ኖሮ ማንም አይገባም፣ ጨዋታውም የለም። ወጥመዱን የሠራው ባዶው ጥቁር ቦታ ነው።

እህቴ እርሳሷን ባስቀመጠች ማግስት ለጠረጴዛችን የሚሆኑ ጥቂት ገጾች ላሳትም ሠፈራችን ያለው ኮፒ ቤት ሄድኩ። የቀለም ህትመት ኪሴን ስለማይችለው በጥቁርና ነጭ አልኩት። ከአዲሱ መጽሐፍ የወሰድኩት ዘንዶ የከሰል ማዳበሪያ መስሎ ወጣ። ልጁ ራሱ ደንግጦ «ወንድሜ፣ ፋይልህ ተበላሽቷል መሰለኝ» አለኝ። በብዕር የተሣሉት የድሮዎቹ ግን መስመር በመስመር ጥርት ብለው ወጡ። አይገርምም፤ እነሱ ድሮም የተሣሉት ለርካሽ ህትመት ነው። የኤሌክትሪክ ብርሃን የሌለበትን ዋሻ በጥቁር ቀለም ብቻ ማሳየት ነበረባቸው፤ ስለዚህ ጨለማውን ጨለማ አድርገው ተዉት።

«ናፍቆት ነው» የሚሉኝ አሉ። ኧረ ባካችሁ! እነዚያ መጻሕፍት ሲወጡ እኔ አልተወለድኩም፣ የምን ናፍቆት? ደግሞስ በ2020 የወጣውን የስዊድኖቹን «ሞርክ ቦርግ» አላያችሁም? ሽፋኑ ዓይን የሚወጋ ቢጫ ነው፣ ውስጡ የዮሃን ኖር ሥዕልና ፊደል እየተጋፉ የሚጮኹበት ነው፤ አንዳንዱ ገጽ በንዴት የተቧጨረ ይመስላል። ዘንድሮም እንዲህ መሥራት ይቻላል። ገዢም አለው።

ሌላው ተቃውሞ ግን ከባድ ነው፣ በቀልድ አላልፈውም። የድሮዎቹ መጻሕፍት ውስጥ እኛን የሚመስል ጀግና መፈለግ ጭድ ውስጥ መርፌ መፈለግ ነው። ሴቶቹም ብዙ ጊዜ ወይ ታስረው ወይ ተራቁተው ነው የሚገኙት። የ2014ቱ መጽሐፍ ደግሞ የሰው ዘር የሚለው ምዕራፍ ላይ ያስቀመጠው ጥቁር ቆዳ ያላትን ተዋጊ ሴት ነው። እህቴ እዚያ ገጽ ላይ ከሌላው ሁሉ በላይ እንደቆየች አይቻለሁ። ይኼ ትልቅ ነገር ነው፤ ወደ ኋላ እንዲመለስ አልፈልግም። ግን ማን ይሣል የሚለውና እንዴት ይሣል የሚለው ሁለት ጥያቄ ነው። ያቺ ሴት ጣዖት ላይ ወጥታ፣ ላብ አጥልቋት፣ ዕንቁ ስትፈለቅቅ ብትሣል ምን ይጎድልባት ነበር? አሁን ግን ቆማለች፣ አምራለች፣ የምታደርገው የለም።

የብርሃንና ጥላ ብዛት የሥዕል ዕድገት ነው የሚለውን ደግሞ እዚህ አገር ያደገ ሰው ሲናገረው ይገርመኛል። በባህላዊው የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ደጉ ሰው በሁለት ዓይኑ ያየናል፣ ክፉው በጎን ይሣልና አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። በወፍራም መስመርና በጠፍጣፋ ቀለም ብቻ፣ ማንበብ የማትችል አያትም የማን ወገን ማን እንደሆነ ታውቃለች። ሥዕል ደንብ ይሆናል ያልኩት ይኼንኑ ነው።

በ2023 ደግሞ የጨዋታው አሳታሚ ስለ ግዙፋን ሊያወጣው በነበረ መጽሐፍ ውስጥ የተወሰኑ ሥዕሎች በሰው ሠራሽ አስተውሎት ታግዘው እንደተሠሩ ታወቀ። ጫጫታው ሲበዛ አሳታሚው ሠዓሊዎቹን ከለከለ። ጥሩ አደረገ። እኔ ግን ማሽኑ እዚያ ድረስ ሾልኮ መግባት የቻለው ለምንድን ነው እላለሁ። ለዓመታት ሁሉም ሥዕል አንድ ዓይነት ልስላሴ፣ አንድ ዓይነት ብርሃን፣ አንድ ዓይነት አቋቋም እንዲኖረው ሲታዘዝ ኖረ። የማንም እጅ የማይለይበት ቤት ውስጥ እጅ የሌለው ነገር ቢገባ ማን ይነቃል? የትራምፒየርን ወይም የ1981ዱን ሣጥን ሽፋን የሣለውን የኤሮል ኦተስን መስመር ግን አንዴ ያየ ሰው ከሩቅ ይለየዋል። ጥፋቱን ሠዓሊዎቹ ላይ አልጭንም፤ የሚሥሉት የታዘዙትን ነው። ትዕዛዙ ነው የሚያናድደኝ።

ከኮፒ ቤቱ ያመጣሁትን የጣዖቱን ሥዕል ያለ አንድ ቃል ለእህቴ ሰጠኋት። ረጅም ጊዜ አየችው። «ሁለተኛውን ዓይን ማን ይወስደዋል?» ብላ ጠየቀችኝ። አላውቅም አልኳት። ወረቀቱን ገለበጠችና ባዶው ጀርባ ላይ መሣል ጀመረች፦ ከጣዖቱ ትከሻ ኋላ የተደበቀች፣ ባዶ እግሯን የሆነች፣ ቢላዋ በጥርሷ የነከሰች ልጅ። ሌቦቹ አላዩዋትም።

ቅዳሜ ልትጫወት መጣች። በሁለተኛው ሰዓት ላይ ሞተች፣ ዳይሱ አላዘነላትም። ወረቀቱን አጣጥፋ ኪሷ ከተተችና ሌላ ወረቀት ጠየቀችኝ።