«ውጭ» የሚባል ሀገር የለም

ካርታ ዘርጉና ፈልጉት። ጣታችሁን ከአይስላንድ እስከ ኒውዚላንድ ብትጎትቱ «ውጭ» የሚባል ሀገር አታገኙም። ዋና ከተማ የለውም፤ ባንዲራ የለውም፤ ሰዎቹ ምን እንደሚበሉ፣ በምን እንደሚስቁ የሚያውቅ የለም። አዲስ አበባ ውስጥ ግን ከየትኛውም ሀገር በላይ የሚወራለት እሱ ነው። «ልጃቸው ውጭ ነው።» «ውጭ ቢሆን እንዲህ አይደረግም።» «ፕሮሰስ ጀምሬያለሁ፣ ውጭ ልወጣ ነው።» ቶሮንቶም ውጭ ነው፤ ስቶክሆልምም ውጭ ነው፤ ዳላስም ውጭ ነው።

የጥንት ሰዎች «የማያውቁት ሀገር አይናፍቅም» ብለው ተርተዋል። እኛ ተረቱን ገለበጥነው። የምናውቀው ሰልችቶናል፤ የሚናፍቀን የማናውቀው ነው። ይህን ስል ስደትን ለመውቀስ አይደለም። ሰው እንጀራ ፍለጋ ይሄዳል፤ ነፍሱን ለማትረፍ ይሄዳል፤ እሱን ለመውቀስ መብት ያለው የለም። የኔ ጠብ ከቃሉ ጋር ነው። ቃሉ ዓይናችንን ጋርዶታል።

ቃሉ ብቻውን አይደለም፤ ሁለት ወንድሞች አሉት።

አንደኛው «ክፍለ ሀገር» ነው። በደርግ ጊዜ «ጠቅላይ ግዛት» የሚለውን ተክቶ የመጣ የአስተዳደር ስም ነበር። መንግሥት ከተወው ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የአዲስ አበባ ልጅ ግን አልተወውም። ከሸገር ያለፈ ሁሉ ክፍለ ሀገር ነው። ጎንደርም፣ ሐረርም፣ አርባ ምንጭም፣ ጋምቤላም። የአየሩ፣ የቋንቋው፣ የወጡ ልዩነት አይቆጠርም። አንድ ሰው «ለበዓል ክፍለ ሀገር ነበርኩ» ካለን «እሰይ» እንላለን እንጂ «የት?» አንልም።

ሌላው «ዓረብ ሀገር» ነው። ቤሩት፣ ሪያድ፣ ኩዌት፣ ሁሉም አንድ ሀገር ናቸው። ዱባይ ደግሞ እንደ ተጓዡ ትለዋወጣለች። ለሸመታ የሄደው «ውጭ ደርሶ መጣ» ይባላል፤ ሰው ቤት ልትሠራ የሄደችው «ዓረብ ሀገር ነበረች» ትባላለች። የወረዱበት አየር ማረፊያ ግን አንድ ነው።

እንግዲህ ክርክሬ ይሄ ነው፦ ሦስቱም የቦታ ስም አይደሉም፤ የደረጃ ስም ናቸው። ውጭ የደረሰ አለፈለት። ዓረብ ሀገር የሄደች ቢቸግራት ነው። ክፍለ ሀገር የሄደ ዘመድ ጠይቆ መጣ። ጉዞ የምንለው ነገር፣ ማለትም ዓይንን ከፍቶ አንድን ቦታ ማየት፣ በሦስቱም ውስጥ የለም። ማየት ያልለመደ ሰው ደግሞ ሩቅ ስለሄደ ብቻ ማየት አይጀምርም። ሰፈሩን ያላየበትን ዓይን ይዞ ነው አውሮፕላን የሚሳፈረው።

ከአውሮፓ የተመለሰ ወዳጃችሁ «እንዴት ነው?» ሲባል ምን እንደሚመልስ ልብ ብላችኋል? «ጽድት ያለ ነው። መብራት አይጠፋም። ባቡሩ በሰዓቱ ነው።» ውሸት አይደለም። ግን ይሄ የዚያ ከተማ ወሬ ሳይሆን የኛ ከተማ እሮሮ ነው። ሰውዬው አይቶ የመጣው አዲስ አበባ የሌላትን ነው። ጎረቤቱ ማን ነበር? አሮጊቶቹ ፀሐይ ሲወጣ የት ይቀመጣሉ? ጠዋት ጠዋት ሰፈሩ ምን ምን ይሸታል? ይህን ስትጠይቁት ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያሳያችኋል። ፎቶው ላይ ያለው እሱ ራሱ ነው።

ይሄ የድሮ አመላችን አልነበረም። አባ ጎርጎርዮስ እ.ኤ.አ. በ1652 ከሮም ተነስተው ጀርመን፣ ጎታ ድረስ ተጓዙ። እዚያ ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ተቀምጠው ስለ ሀገራቸውና ስለ ቋንቋዋ አስረዱት። ሉዶልፍ ከእሳቸው የተማረውን ይዞ እ.ኤ.አ. በ1698 የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አሳተመ። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በ1924 ዓ.ም. ወደ ጃፓን ተልከው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የሚል መጽሐፍ ጻፉ። «ውጭ ነበርኩ» ብለው አልተቀመጡም። የሀገሩን ስም መጽሐፋቸው ላይ ጻፉ። ያኔ መርከብ ሳምንታት ይፈጅ ነበር። ዛሬ በአንድ ሌሊት ደርሰን የምናመጣው ወሬ ግን ከእሳቸው አንድ ገጽ አይሞላም።

ወደ ቅርባችን እንምጣ። «አዲስ አበባ ምን የሚታይ አላት?» የሚል ሰው አፉ ውስጥ ያለውን ስም እንኳን አላየም። ለገሃር ከፈረንሳዮቹ «ላ ጋር»፣ ከባቡር ጣቢያው የተገኘ ነው። ካዛንቺስ ኢጣሊያ በወረራዋ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቿ ካሠራቻቸው ቤቶች የቀረ ስም ነው። ፒያሳና መርካቶም የጣልያንኛ አደባባይና ገበያ ናቸው። እንጦጦን ያለበሰው ዛፍ እንኳ ስሙ «ባህር ዛፍ» ነው፤ ባህር ተሻግሮ፣ ከአውስትራሊያ የመጣ። በምኒልክ ዘመን ማገዶ አልቆባት ልትነሳ የነበረችውን ከተማ ያቆያት እሱ ነው። «ውጭ» እያልን የምናልመው ነገር በራችን ላይ በቅሎ ስንት ትውልድ እንጀራ ጋግሮበታል። ታክሲ ውስጥ «ለገሃር ወራጅ!» የሚል ሁሉ ሳያውቀው ፈረንሳይኛ እየተናገረ ነው።

ትንሽ እንራቅ። በቡታጅራ መንገድ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ብትሄዱ ጢያ ትደርሳላችሁ። ሰይፍ የተቀረጸባቸው ትልልቅ ድንጋዮች ሜዳ ላይ ቆመዋል፤ ከሥራቸው ሰዎች ተቀብረዋል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት መዝግቧቸዋል። በመንገዳችሁ አዋሽን የምትሻገሩበት አካባቢ መልካ ቁንጡሬ አለ፤ የሰው ዘር ከ1 ሚሊዮን ዓመት በፊት ድንጋይ እየጠረበ መሣሪያ ይሠራበት የነበረ ቦታ። እኔና ጓደኛዬ ጢያ በሄድንበት ቀን አንድ የሰፈሩ ልጅ ጠጋ ብሎ «ከውጭ ነው የመጣችሁት?» አለን። ሐበሻ ድንጋይ ለማየት ብቻ መንገድ ይወጣል ብሎ አልጠበቀም። «ከሳር ቤት ነው የመጣነው» ስንለው ሳቀ።

እዚህ ላይ የሚያጨበጭቡልኝ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ። «ልክ ነህ! የ13 ወር ፀሐይ እያለን ውጭ ምን አለ? መጀመሪያ ሀገርህን እወቅ!» ይላሉ። ቆይ፣ ከእናንተም ጋር አልተስማማንም።

አንደኛ፣ ሀገር ማወቅ ግዴታ ሲሆን ያስጠላል። በየትምህርት ቤቱ የ«ሀገርህን እወቅ» ክበብ ነበረ፤ ከዚያ ክበብ የወጣን ስንቶቻችን ነን ዛሬ በፍላጎታችን ተነስተን የምንሄድ? ሁለተኛ፣ መንገዱን እያወቃችሁ አትቀልዱ። ዛሬ በብዙ አቅጣጫ ከከተማ መውጣት እናትን የሚያስጸልይ ነገር ነው። በየሐይቁ ዳር የተሠሩት አዳዲስ ማረፊያዎች ያማሩ ናቸው፤ የአንድ ሌሊት ዋጋቸው ግን የአንድ አስተማሪን ኪስ ያገናዘበ አይደለም። ሦስተኛ፣ ዓለምን ለማየት መጓጓት ክህደት አይደለም። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የአውሮፓ ኅብረት ለኢትዮጵያውያን የቪዛ ውሳኔ የሚሰጥበትን ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን አራዘመ፤ ብዙ ጊዜ የሚያስገባውንም ቪዛ አስቀረ። የባንክ ደብተሩን፣ የሥራ ደብዳቤውን፣ የቤት ካርታውን ታቅፎ ኤምባሲ ደጃፍ የቆመን ልጅ «ውጭ ምን አለ?» ማለት በሩ ለተዘጋበት ሰው ሁለተኛ በር መዝጋት ነው። እዚያ ብዙ ነገር አለ። ባህር አለ፣ በረዶ አለ፣ ሌላ ዓይነት ሳቅ አለ። የማየት መብት አለው።

«ሁሉም ውጭ ነው ያለው» እና «ሁሉም እኛ ጋ አለ» የሚሉት ሰዎች የሚጣሉ ይመስላሉ እንጂ አይጣሉም። ሁለቱም ሳያዩ ጨርሰዋል።

አሁን ወደሚያበሳጨኝ ነገር ልግባ። የአክስቴ ልጅ ሰባት ዓመት ቤሩት ሠርታ ተመለሰች። ቡና ተፈላ፣ ዘመድ ተሰበሰበ። «ስንት ይከፍሉሽ ነበር?» «ቦታ ገዛሽ?» «ለእማማ ምን አመጣሽላቸው?» ከስቷል፣ ወፍሯል ተባለ። ማታ እንግዳው ሲበተን «ቤሩት ምን ትመስላለች?» አልኳት። ሲኒ እያጠበች ነበር። ዞር ብላ አየችኝና «እስካሁን የጠየቀኝ የለም» አለች።

ከዚያ አወራችኝ። እሑድ እሑድ ሲፈቅዱላት ከልጆቹ ጋር የባህሩን ዳርቻ ይዛ ትሄድ እንደነበር። ቤተሰብ ወንበሩንና ሺሻውን ይዞ መጥቶ ባህሩን ፊት ለፊት አስቀምጦ እንደሚውል። ባህር ውስጥ የቆመ ትልቅ ቋጥኝ እንዳለ፣ ፀሐይ ስትገባ ከጀርባው እንደሚቀላ። በክረምት ከባህሩ ዳር ቆመሽ ቀና ስትዪ ተራራው ላይ በረዶ እንደሚታይ። የሊባኖስ ዓረብኛ ከሳዑዲው ምን ያህል እንደሚለይ፤ እያስመሰለች አሳቀችኝ። ከቤታችን ሰው ባህር በዓይኑ ያየ እሷ ብቻ ናት። ከቤታችን ሰው ሁለተኛ ቋንቋ አንደበቷን ገርቶ የመጣ እሷ ብቻ ናት። ከማናችንም በላይ ተጉዛለች። እኛ ዘንድ ግን መጠሪያዋ «ዓረብ ሀገር የነበረችው» ነው።

ሁሉም እንደሷ ዕድለኛ አይደለም። በከፋላው ሥርዓት የሠራተኛዋ ኑሮ በአሠሪዋ እጅ ነው፤ ፓስፖርቷን የሚነጥቅ፣ በር የሚቆልፍ አለ። ስንቷ ናት ዓመታት ኖራ ከተማውን በወጥ ቤት መስኮት ብቻ አይታ የተመለሰችው? የተወሰደባት ደሞዝ ብቻ አይደለም፤ ከተማው ጭምር ነው። ይሄንን እንደ ስርቆት የማንቆጥረው ከመነሻው «ዓረብ ሀገር» ሊታይ የሚገባው ቦታ ነው ብለን ስለማናስብ ነው። ሲኒ ላይ ጎንበስ ብላ የነገረችኝን ሁሉ ያስቀረብን ያቺ ቃል ናት።

ስለዚህ ቃሎቹን ጣሏቸው። ርካሽ ነው፤ ቪዛም የባንክ ደብተርም አይጠይቅም። «ውጭ ነበርኩ» ለሚላችሁ «የት?» በሉት። «ክፍለ ሀገር ሄጄ ነበር» ለሚላችሁም «የት?» በሉት። ከዓረብ ሀገር የተመለሰች እህት ካለቻችሁ ስለ ደሞዟ ከመጠየቃችሁ በፊት የነበረችበትን ከተማ ስም ጥሩላትና ምን እንዳየች ጠይቋት። ከዚያ ዝም ብላችሁ አዳምጡ። ቡናውን እናንተ አፍሉ።