ባዶ መሬት ወይስ ሙሉ ጎተራ?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፤

ክቡር ሆይ፤

ስለ ጫካ ቡናችን ያለኝን አሳብ በአንባቢያን ደብዳቤ ዓምድ ላይ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ። የምጽፈው ሌላውን ለመውቀስ ሳይሆን ከራሴ ጥፋት ተነሥቼ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በምሠራበት መሥሪያ ቤት አንድ የመሬት ጥያቄ መዝገብ ወደ ጠረጴዛዬ መጣ። ቦታው በደቡብ ምዕራብ የአገራችን ክፍል የሚገኝ፣ ከዛፎቹ ጥላ ሥር ቡና በራሱ የሚበቅልበት ጫካ ነበር። ከመዝገቡ ጋር የተያያዘው ሠንጠረዥ ከአዲሱ እርሻ የሚገኘውን ምርት፣ የሚቀጠረውን የሠራተኛ ብዛትና የሚከፈለውን ግብር በዝርዝር ያሳያል። «አሁን የሚሰጠው ጥቅም» በሚለው ረድፍ ግን «ባዶ መሬት» ተብሎ ተጽፏል። እኔም ድምሩን መርምሬ ስሕተት ስላላገኘሁበት ፈርሜ አሳለፍሁት።

ከሁለት ዓመት በኋላ ለሥራ ወደዚያ ስሄድ ከጫካው የቀሩት በመንገድ ዳር ያሉ ጥቂት ዛፎች ብቻ ነበሩ። አንድ ሽማግሌ፣ «ልጄ፣ ባዶ መሬት ነው ተብሎ እንደተሰጠ ሰምተናል፤ ታዲያ ቡናውን የለቀምነው፣ ማሩን የቆረጥነው ከባዶ ነው?» ብለው ቢጠይቁኝ መልስ አጣሁ።

ሽማግሌው ከጠቀሱት ከቡናውና ከማሩ ሌላ ጫካው የያዘው ሀብት ዘሩ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ወደ አገራችን ገብቶ ፍሬውን በዛፉ ላይ እያጠቆረ ብዙ ገበሬ ጎዳ። በጅማ የምርምር ጣቢያ የነበሩ ባለሙያዎች በሽታው ያላጠቃቸውን ዛፎች ከየቡናው አገር እየለዩ ዘራቸውን አበዙ። 74110 እና 74112 የሚባሉት ዝርያዎች በ1974 ከኢሉባቦር የተመረጡ ናቸው፤ በቁጥሩ መጀመሪያ ያለው 74 ያንኑ ዓመት ያመለክታል። የተለያየ ዘር ባይኖረን ኖሮ ባለሙያዎቹ ከምን ይመርጡ ነበር?

እንዲህ ያለው ሀብት በገንዘብ ሊተመን ይችላልን? የተፈጥሮንና የኢኮኖሚን ዕውቀት አጣምሮ የሚያሰላ «ሞዴል» የሚባል ዘዴ አለ። ጫካው ሲጠብ ምን እንደሚጠፋ፣ ሲጠበቅ ምን እንደሚተርፍ፣ ወጪው ምን ያህል እንደሆነ በአንድነት አያይዞ የወደፊቱን ይቆጥራል። በ2006 ሃይንና ጋትስዋይለር የተባሉ ተመራማሪዎች የኢትዮጵያ የጫካ ቡና ዘር በሽታን የሚቋቋም፣ ካፌይኑ ያነሰና ምርቱ የበዛ ቡና ለማዳቀል ቢውል በ30 ዓመት ውስጥ የሚሰጠውን ጥቅም በዚህ መንገድ አስልተዋል። ወጪው ተቀንሶ ያገኙት ውጤት ግን ሁለት ነው፤ አንዱ 1 ሺህ 458 ሚሊዮን፣ ሁለተኛው 420 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር።

አንድ ዓይነት ቡና ስለምን ሁለት ዋጋ አወጣ? የወደፊቱን ገንዘብ ወደ ዛሬ ዋጋ የሚመልሰው መቶኛ ስለተለያየ ነው። የመጀመሪያው በ5 በመቶ፣ ሁለተኛው በ10 በመቶ ተሰልቷል። ከ30 ዓመት በኋላ የሚገኝ 100 ብር በ5 በመቶ ቢታሰብ ዛሬ 23 ብር ያህል ነው፤ በ10 በመቶ ቢታሰብ ግን 6 ብር አይሞላም። እንግዲህ መቶኛውን የመረጠ ሰው ለልጅ ልጆቻችን የሚሰጠውን ክብደት መረጠ ማለት ነው። ይህን የሚያህል ውሳኔ በሠንጠረዥ ግርጌ ተደብቆ ሊያልፍ አይገባውም።

አንዳንዶች «ይህ ሁሉ ግምት ነው» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ግምት ነው። ነገር ግን «ባዶ» ብሎ መጻፍም ግምት ነው፤ ያውም ከግምቶች ሁሉ ከእውነት የራቀው። ጊዜውም አይጠብቀንም። በ2012 የታተመ ሌላ የሞዴል ጥናት፣ የአየር ጠባይ እየተለወጠ ሲሄድ ለዱር ቡና የሚስማሙት ቦታዎች እስከ 2080 ድረስ ቢያንስ በ65 በመቶ እንደሚቀንሱ አመልክቷል።

ሆኖም ሞዴሉን እንደ ታቦት እንድንሰግድለት አልልም። ያ ሁሉ ሚሊዮን በግምጃ ቤታችን የተቀመጠ ገንዘብ አይደለም፤ ጥቅሙ በዓለም ላሉ ቡና ነጋዴዎችና ጠጪዎች ሁሉ የሚዳረስ ነው። ጫካውን ሳይቆርጥ የሚጠብቀው ግን የከፋ፣ የሸካና የያዩ ገበሬ ነው። እርሱ ጫካውን መንጥሮ በቆሎ ቢዘራ በዚያው ዓመት ልጆቹን ያበላል። በ2010 ከፋና ያዩ በዩኔስኮ መዝገብ መጻፋቸው ያስደስታል፤ ነገር ግን ስም ብቻውን ጎተራ አይሞላም። ማኅበረሰቡ ከዘር ሀብቱ የጥቅም ድርሻ እንዲኖረው በ2006 አዋጅ ቁጥር 482 ወጥቷል። ድርሻው ከገበሬው ደጅ ካልደረሰ ግን ሒሳቡ በወረቀት ላይ ይቀራል።

ስለዚህ የሚከተለውን አሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ የጫካ መሬት የሚጠይቅ ማናቸውም መዝገብ ጫካው አሁን የሚሰጠው ጥቅም ሳይሰላ አይፈረምበት። ሁለተኛ፣ ስሌቱ ቢያንስ በሁለት መቶኛ ተሠርቶ፣ አንዱ የተመረጠበት ምክንያት በጽሑፍ ይገለጽ። ሦስተኛ፣ ማን እንደሚጠቀምና ማን እንደሚጎዳ በየረድፉ ተለይቶ፣ ለጠባቂው ገበሬ የሚከፈለው በሠንጠረዡ ውስጥ ይግባ።

የሥራ ባልደረቦቼ ሆይ፤ ይህን ለመጀመር አዲስ መሥሪያ ቤት ማቋቋም አያስፈልግም፤ በምንፈርምበት ቅጽ ላይ ሦስት ረድፍ መጨመር ይበቃል። አለዚያ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደጣለችው ሴት መሆናችን ነው። እኔ የፈረምሁበት ጫካ አይመለስም፤ የሚቀጥለው መዝገብ ግን ገና በአንዳችን ጠረጴዛ ላይ ነው።

ከአክብሮት ጋር፤
አንድ የመንግሥት ሠራተኛ፤
ከአዲስ አበባ