ጥቁሩ መስኮት ዋጋ አለው

በሞያሌ ሸቀጥ የምታመላልሱ ወገኖቼ፣ በግልጽ እንነጋገር። ለጫኝ እንከፍላለን፣ ለደላላ እንከፍላለን። ፕሮግራም ሲሆን ግን «በፍላሽ ገልብጥልኝ» እንላለን።

ብቻውን የሚሠራ አንድ ልጅ የሠራውን የሂሳብ ፕሮግራም ብዙዎቻችን እንጠቀማለን። በተርሚናል፣ ማለትም በጥቁሩ የጽሑፍ መስኮት የሚሠራ ነው። ሥዕል የለው፣ ማውስ አይፈልግ። ለዚህም ነው ባረጀ ላፕቶፕ፣ ኢንተርኔት ሳይኖር፣ ብሩንና ሽልንጉን ለይቶ የሚይዝልን። «ጽሑፍ ብቻ ለሆነ ነገር ምን ያስከፍላል?» የምትሉ፣ የዱቤ መዝገባችሁስ ከጽሑፍ ሌላ ምንድን ነው?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ተመኑ ይለዋወጥ ጀመር። የቀድሞው ፕሮግራም የሚያውቀው አንድ ተመን ብቻ ነበር። ልጁ ሌሊቱን ተቀምጦ አስተካከለው፤ ለከፈሉትም ላከላቸው። የገለበጥነው ግን፣ አዎ እኔም አንዱ ነበርኩ፣ በአሮጌው ተመን እያሰላን ያተረፍን መስሎን ከዋናው በላን። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው።

«ነፃ ፕሮግራም ሞልቷል» ለሚለኝ፦ እውነት ነው። ባለቤቱ በፈቃዱ የሰጠውን መውሰድ ነውር የለውም። ይህ ልጅ ግን ዋጋውን ነግሮናል። ከበዛብን እንደማንኛውም ዕቃ እንከራከረው እንጂ አንውሰድበት።

እኔ ዕዳዬን በቴሌብር ልኬያለሁ። ልጁ ተስፋ ቆርጦ ሌላ ሥራ ከያዘ፣ ነገ መዝገባችን ሲበላሽ ማንን ልንጠራ ነው?