የባዮሎጂ መሣሪያ በደጃችን ነው





ማይክሮስኮፕና ቤተ ሙከራ ማሟላት የመንግሥት ግዴታ መሆኑ አያከራክርም። ነገር ግን እስኪሟላ ድረስ የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ልጆች ባዮሎጂን እንደ ዳዊት በቃላቸው ብቻ ሊደግሙት አይገባም። በቆሎና ባቄላ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልለው ቢበቅሉ የባለ አንድና የባለ ሁለት ክክ ልዩነት በዓይን ይታያል፤ የበግ ልብ ተሰንጥቆ ቢታይም አራቱ ክፍሎች አይረሱም።

ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 የእንዶድን ኃይል የተረዱት አድዋ ላይ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ነው። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ ከማጠቢያው በታች ባለው ውሃ ሞቶ አዩ፤ ምክንያቱንም መረመሩ። ያው እንዶድ በእኛም አገር ይበቅላል።

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልላችን በደረሰው የጸጥታ ችግር ብዙ ተማሪዎች የትምህርት ጊዜያቸው ባክኗል፤ ስለዚህ ክለሳቸው ቶሎ የሚገባና የማይረሳ መሆን አለበት። የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ በግቢ ውስጥ ለሚደረግ የማየት ትምህርት እንዲፈቅዱ፥ ትምህርት ቤቶችም የአካባቢውን ዕፅዋት አድርቀው ለመማሪያ እንዲያስቀምጡ አሳስባለሁ።

አንድ የባዮሎጂ መምህር
ከፍኖተ ሰላም