ማሽኑ «አፍጥር» ሲል



ረመዷን በተቃረበ ቁጥር የስኳር ሕመም ያለባቸው የግቢያችን ተማሪዎች «ዘንድሮስ ትጾማለህ?» ይባላሉ። አሁን አሁን ደግሞ «ውጭ አገር በማሽን ይጾሙ የለ እንዴ!» የሚል ተጨምሮበታል። ወሬው እውነት ነው። ኢንሱሊንን በራሱ የሚመጥን መሣሪያ ታጥቀው የሚጾሙ፣ ሐጅም የሚያደርጉ ሙስሊሞች አሉ። ከዚህ ተነስቶ እዚህ ያለውን ሕመምተኛ ማሳፈር ግን ትክክል አይመስለንም።

መሣሪያው የሦስት ነገሮች ጥምረት ነው። ቆዳ ላይ የሚለጠፍ ሴንሰር ስኳሩን በየ5 ደቂቃው ይለካል፤ ፕሮግራሙ ስኳሩ ወዴት እያመራ እንደሆነ ያሰላል፤ ፓምፑ ኢንሱሊኑን ይጨምራል፣ ይቀንሳል ወይም ያቆማል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር የመጀመሪያውን ያጸደቀው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ለጿሚ ትልቁ ጥቅሙ ማቆሙ ነው። በሲሪንጅ የተወጋ ኢንሱሊን አይመለስም፤ ሱሁር ላይ የተወሰደው ረጅም ጊዜ የሚሠራ ኢንሱሊን ከሰዓት በኋላ ላብራቶሪ ውስጥ በባዶ ሆድ ቆመንም ሥራውን ይቀጥላል። ማሽኑ ግን ስኳሩ መውረድ ሲጀምር ኢንሱሊኑን ይገታል።

ይህም ሆኖ ያለ ባለቤቱ አይሆንለትም። ኢፍጧር ላይ ቴምሩ፣ ሳንቡሳውና ሾርባው ሲቀርብ ምን ያህል እንደሚበላ አብዛኛውን ጊዜ ሰውየው ራሱ ነው የሚነግረው። ፓምፑ የሚይዘው ፈጣኑን ኢንሱሊን ብቻ ስለሆነ ቀጭኗ ቱቦ ከተዘጋች በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ለሕይወት የሚያሰጋ ኪቶን ሊከማች ይችላል። ከሁሉ የሚከፋው ሙቀት ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ሐጅ የመካ ሙቀት ከ51 ዲግሪ አልፎ ነበር፤ ከ1,300 በላይ ሑጃጆችም ሞተዋል (አላህ ይዘንላቸው)። እንዲህ ባለ ፀሐይ ፓምፕ ውስጥ ያለ ኢንሱሊን ኃይሉን ሊያጣ ይችላል። ማሽኑ ግን መበላሸቱን አያውቅም፤ ሰጠሁ ብሎ ይመዘግባል። ስለዚህ ፓምፕ የታጠቀ ሑጃጅም ሲሪንጅና በቀዝቃዛ ቦታ የተያዘ መጠባበቂያ ኢንሱሊን ያስፈልገዋል።

ማሽን ያለው እንዲህ ከተጠነቀቀ፣ ዶርም ውስጥ በሲሪንጅ እየተወጋ፣ የመለኪያ ስትሪፕ እየቆጠበ የሚማር ወንድማችን ምን ይባል? እ.ኤ.አ. በ2001 በ13 አገሮች ከ12 ሺህ በላይ የስኳር ሕመምተኞችን ያካተተ ጥናት ተካሂዶ ነበር። አይነት 1 ከሆኑት 43 በመቶው ቢያንስ 15 ቀን ጾመዋል። ሆስፒታል የሚያስገባ የስኳር መውረድ ግን በረመዷን ከሌላው ጊዜ ወደ 5 እጥፍ ገደማ ከፍ ብሎባቸዋል።

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራህ 184 እና 185 ለታመመ ሰው ሩኽሳ ሰጥቷል። ሩኽሳው ማሽን ለሌለው ብቻ አልተባለም፤ ማሽን በመፈልሰፉም አልተሻረም። የሚጾም ሰው ካለ ደግሞ ሐኪሙን ከረመዷን በፊት አማክሮ፣ ቀን ቀን እየለካ ይጹም። ጣት መውጋት ያስፈጥራል ብሎ ሳይለካ የሚውል አለና እንንገረው፦ ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1997 ጅዳ ላይ ለምርመራ ደም መስጠትም ሆነ ከቆዳ ሥር የሚሰጥ፣ ለምግብነት ያልሆነ መርፌ ጾም እንደማያበላሽ ወስኗል። የሕክምና መመሪያው ስኳር ከ70 በታች ሲወርድ ወይም ከ300 በላይ ሲወጣ ወዲያውኑ ማፍጠር ነው የሚለው። መግሪብ 20 ደቂቃ ቢቀረውም እንኳ። «ትንሽ ታገስ» የሚል ጓደኛ እዚህ ላይ ዝም ቢል ይሻላል።

ፍሪጅ ለሌለውም መላ አለ። ኬንያ ውስጥ በዳጋሃሌይ የስደተኞች ካምፕ የድንበር የለሽ ሐኪሞች ቡድን ከጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ጋር ባደረገው ጥናት ኢንሱሊን ከ25 እስከ 37 ዲግሪ በሚዋዥቅ ሙቀት ለ4 ሳምንት ኃይሉን ጠብቆ ቆይቷል። መስኮት ሥር ፀሐይ ላይ የተተወ ግን እንዲህ አይቆይም። ርጥብ ሸክላ ማሰሮ ጥላ ውስጥ ማስቀመጥ ብዙ ወጪ የለውም።

ለኢፍጧር ኮሚቴያችን የምናቀርበው ጥያቄ ቀላል ነው። ከተራዊህ በፊት በሚደረገው አጭር ማስታወቂያ ላይ 5 ደቂቃ ለዚህ ይሰጥ። ላብ ያጠመቀው፣ የሚንቀጠቀጥ፣ ንግግሩ የተምታታበት ጓደኛ ካያችሁ፣ ነቅቶ መዋጥ እስከቻለ ድረስ ስኳር ወይም ጁስ ስጡት፤ ራሱን ከሳተ አፉ ውስጥ ምንም ሳታደርጉ ፈጥናችሁ ወደ ክሊኒክ ውሰዱት። መስጂድና ላይብረሪ አካባቢም ቀን ቀን ስኳርና ውሃ የያዘ፣ ሁሉም የሚያውቀው አንድ ሰው ይመደብ። በየዶርሙ ማን ምን እንደሚያስፈልገው ፈቃዱን ጠይቀው የሚመዘግቡ አንድ እህትና አንድ ወንድም ከሻዕባን መጨረሻ በፊት ቢታወቁልን እንላለን።