«መሞከሪያ ሊያደርጉሽ ነው?»

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ሦስተኛ ፎቅ ያለው ቢሯችን ስትደርስ ወንበሯ ላይ ትቀመጥና አሥር ደቂቃ ያህል ዝም ትላለች። ኮቪድ ከያዛት ወራት አልፈዋል። ምርመራዋ ሁሉ «ደህና ነሽ» ይላል፤ አንድ ሐኪምም «ጭንቀት ይሆናል» ብሎ መልሷታል። እሷን ባየሁ ቁጥር በ2014 ዓ.ም. እናቴና ለንደን የምትኖረው ታላቅ እህቴ በስልክ የተከራከሩት ትዝ ይለኛል።

እህቴ አረጋውያንን የመንከባከብ ሥራ ነበራት። ኮቪድ ከያዛት በኋላ ድካሙ አልለቅ አላት፤ አንድ ቀን ልብስ አጥባ ካሰጣች ሁለት ቀን ትተኛለች። የሚከታተላት ክሊኒክ «ሕክምናሽን ሳታቋርጪ ጥናት ላይ ብትሳተፊስ?» አላት። የሚጠናውን መድኃኒት ማን እንደሚወስድ የሚለየው በዕጣ ነው። እናቴ ይህን ስትሰማ የያዘችውን ሲኒ አስቀመጠችና «መሞከሪያ ሊያደርጉሽ ነው?» አለች።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔም ከእናቴ ጋር ነበርኩ። የምሠራው ማርኬቲንግ ነው፤ «ይሞክሩት» የሚል ነገር ስሰማ መጀመሪያ የማስበው ማን እንደሚያተርፍ ነው። ስለዚህ ማንበብ ጀመርኩ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ለበሽታው ትርጉም ሰጥቷል፦ ብዙውን ጊዜ ኮቪድ ከጀመረ ከሦስት ወር በኋላ የሚታይ፣ ቢያንስ ሁለት ወር የሚቆይ፣ በሌላ በሽታም ሊገለጽ የማይችል ሕመም። «ሎንግ ኮቪድ» የሚለውን ስም ያወጡት ግን ሐኪሞች ሳይሆኑ ታማሚዎቹ ራሳቸው ናቸው። ታማሚ የሆኑ ተመራማሪዎች በዚያው ዓመት ባሳተሙት ጥናት ከ56 አገሮች 3,762 ሰዎችን ጠይቀው ከ200 በላይ ምልክቶችን መዝግበዋል። በሽታውን የሚያድን የተረጋገጠ መድኃኒት አልነበረም። ስለዚህ ሐኪሙ የሚያዝዘውም በግምት ነው። ሐሳቤን የቀየረው ይህ ነው። በግምት የታዘዘ መድኃኒት ራሱ ሙከራ ነው፤ ልዩነቱ ውጤቱን የሚመዘግብ ሰው አለመኖሩ ብቻ ነው። እኛ ቢሮ አንድ ዘመቻ ውጤቱ ሳይለካ ቢደገም አለቃዬ ታባርረኛለች።

ሕክምናና ምርምር አንድ ክፍል ውስጥ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን በኮቪድ መጀመሪያ ታይቷል። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የመራው «ሪከቨሪ» ጥናት በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ሲጀምር ታማሚዎችን ያሳተፈው በየመደበኛው የብሪታንያ ሆስፒታል፣ ተኝተው በሚታከሙበት አልጋ ላይ ነው። በሰኔ ወር ዴክሳሜታሶን የተባለ ርካሽና የቆየ መድኃኒት በመተንፈሻ መሣሪያ ከሚረዱት ታማሚዎች መካከል ሞትን በአንድ ሦስተኛ ገደማ እንደቀነሰ አሳወቀ። ከዚያ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ደግሞ ያ ሁሉ የተወራለት ሃይድሮክሲክሎሮኪን ሆስፒታል የተኙትን ከሞት እንደማያድን ገልጾ ነበር። ሁለቱም በሦስት ወር!

ለሎንግ ኮቪድም በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን የተመራ «ስቲሙሌት አይሲፒ» የተባለ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2021 የ6.8 ሚሊዮን ፓውንድ ድጋፍ አግኝቷል። በሎንግ ኮቪድ ክሊኒኮች ይታከሙ የነበሩ ሰዎች በዕጣ ተለይተው የደም ማቅጠኛ፣ ለሪህ የሚሰጥ መድኃኒት ወይም የአለርጂና የጨጓራ አሲድ መድኃኒቶች እየወሰዱ፣ መደበኛውን ክትትል ብቻ ካገኙት ጋር ተነጻጽረዋል። ሁሉም በሌላ በሽታ የታወቁ መድኃኒቶች ናቸው።

ተስፋ ብቻ እንዳልሸጥላችሁ ግን ሌላም ልጨምር። አሜሪካ ውስጥ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ 155 ሰዎችን አሳትፎ ፓክስሎቪድን ለ15 ቀናት ሞክሮ፣ ለንጽጽር ከተሰጠው ክኒን የተሻለ እንዳልሠራ እ.ኤ.አ. በ2024 አሳትሟል። ያም ሆኖ ይህን ማወቅ ገንዘብም ተስፋም በከንቱ እንዳይባክን ያደርጋል።

የእናቴ ስጋት ከንቱ ነበር ማለቴ አይደለም። ለእህቴ የላክሁላት ጥያቄዎች የተወለዱት ከእሱ ነው፦ እምቢ ብል ሕክምናዬ ይቀጥላል? መሃል ላይ ማቆም እችላለሁ? መድኃኒቱ ቢጎዳኝ ማን ይከታተለኛል? የስሜና የሕመሜ ምስጢር የት ይቀመጣል? ለእነዚህ ግልጽ መልስ የማይሰጥ ሰው ፊርማችሁን ሊጠይቃችሁ አይገባም። እህቴ መልሱን አግኝታ ፈረመች። ዕጣው መድኃኒት አላደረሳትም። እናቴ «ታዲያ ምን ጠቀመሽ?» ስትላት፣ «እማዬ፣ እንዴት እንደሆንኩ ጠይቆኝ የምለውን የሚጽፍ ሰው አገኘሁ» አለቻት። አሁን በሳምንት ሦስት ቀን ትሠራለች።

ለባልደረባዬ የነገርኳት ከእህቴ የተማርኩትን ነው። መጀመሪያ የደም ማነስ፣ የታይሮይድ፣ የስኳር፣ የልብና የቲቢ ምርመራ በደንብ ተሠርቶ እንደሆነ ሐኪሟን ትጠይቅ። ከዚያ ትንሽ ደብተር ትያዝ፤ ዛሬ የሠራችውን፣ ነገና ከነገ ወዲያ የተሰማትን ከነቀኑ ትጻፍ። በዚህ ሕመም ድካሙ ብዙ ጊዜ ዘግይቶ፣ በማግስቱ ጭምር ስለሚመጣ፣ ሳይጻፍ ምን እንዳመጣው አይያዝም። ደግሞም «ስፖርት ሥሪ፣ ይለቅሻል» የሚላትን ሁሉ አትስማ፤ ከአቅም በላይ መጣር ብዙዎችን አልጋ ላይ ይጥላል።

ማክሰኞ ዕለት ደብተሩን አሳየችኝ። ሦስት ሳምንት ሞልታለች። ቀጠሮዋ የፊታችን ሐሙስ ነው፤ አብሬያት እሄዳለሁ።